ትንሽ አሞታል

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ስሜ ሸጋዬ ይባላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ውስጥ የሰው ልጅ እንግሊዝኛ ሳስነብብ ኖሬ፣ አምና እኔው ራሴ የንባብ ፈተና ተቀምጬ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ጥያቄ ላይ ተያይዘን ወደቅን። መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄአለሁ።

ነገሩ የጀመረው ኦርሊ የምትባል ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ በባቡር የመጣች ዕለት ነው። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ይሉኝታ የምታውቅ ሴት ናት፤ ልጠላት ፈልጌ አልሆነልኝም። የምታጠናው እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች ያነበቡትን ምን ያህል እንደሚረዱ ነበር፤ ተማሪውንም፣ አስተማሪውንም። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ወረቀት አደለችን። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ካልቀረ እግረ መንገዱን ብሎ የዘጠነኛ ክፍሎቹን ውጤት ለድልድል ሊጠቀምበት ወሰነ። ሰማንያና ከዚያ በላይ ያመጣ ላይኛው ቡድን፣ ከሰማንያ በታች ያመጣ ታችኛው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ላይኛው ቡድን የገባ ልጅ መጨረሻ ላይ በባግሩት፣ በሀገሪቱ የመልቀቂያ ፈተና፣ ከፍተኛውን እንግሊዝኛ ይፈተናል፤ ያንን ካለፈ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አይቸገርም። ታችኛው የገባም በርትቶ ካጠና ተመልሶ መውጣት ይችላል ይላሉ። ይላሉ! በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ተመልሰው ሲወጡ ያየኋቸውን በአንድ እጄ ቆጥሬ ሁለት ጣት ይተርፈኛል። ታች የሚከማቹት የማን ልጆች እንደሆኑ ደግሞ አትጠይቁኝ፤ ደሜ ይፈላል።

ሻኬድ ከነዚያ ልጆች አንዷ ነበረች። እዚሁ የተወለደች፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ምላሷ የማያርፍ። አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። እኔን እንደ እዚህ ሀገር ልጆች ሁሉ «ሃሞራ» ትለኛለች፣ አስተማሪዋ ማለቷ ነው፤ ደግሞ «አንቺ» እያለች። አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እናትና አባቷ ተለያይተው እናቷ ሃይፋ ስለሄደች የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነበር።

አባቷ አምባቸው ይባላል። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። እኩያዬ ነው፤ ሁለታችንም በፈረንጅ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ታጭቀን የመጣን ልጆች ነን። ይሁንና አስተማሪ ስለሆንኩ አንቱ ይለኝ ነበር፤ ተው ብለው አይሰማም። በወላጆች ቀን ከሥራ በቀጥታ መጣ፣ ያንን የሚያብረቀርቅ ሰደርያውን እንኳ ሳያወልቅ፤ የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።

«መምህርት፣ እኔ ታችኛው ቡድን ነበርኩ» አለኝ። «የታችኛው ቡድን እንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስሜን ጽፌ ወጣሁ። እሷ ስታነብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ‹ምን ይላል?› እላታለሁ። ትነግረኛለች። እውነቷን ይሁን ውሸቷን ግን በምን አውቄ!»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመና «ላይኛው ቡድን ትግባልኝ። የሰማይ የምድር አደራ» አለኝ። አደራ ከተባልኩ እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ አመሌ ነው።

ፈተናው ታረመ። ሻኬድ ሰባ ስድስት አመጣች። አንድ ጥያቄ አራት ነጥብ ይይዛል፤ አንዲት ጥያቄ ብታገኝ ሰማንያ ነበረች። እንዴት እንደተቃጠልኩ! ወረቀቷን ለማየት ልጠይቅ ስል ኦርሊ ቀድማ ጠራችኝ።

«ሸጋዬ፣ አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ» አለችና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

ሦስተኛው ገጽ ላይ አጭር ደብዳቤ አለ። ቶም የሚባል ልጅ ሩቅ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። አጎቱ ይጽፍለታል። «ውድ ቶም፣ አያትህን ትንሽ አሞታል። ስለ አንተ እየጠየቀ ነው። ዓርብ ወደ ቤት ና።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከሥሩ «አጎቱ ለቶም የጻፈለት ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ኤ፣ ለበዓል ሊጠራው። ቢ፣ አያቱ ስለታመመና ሊያየው ስለፈለገ። ሲ፣ አያቱ ስለሞተ። ዲ፣ ቤት ሊቀይሩ ስለሆነ።

«የኢትዮጵያ ቤተሰብ ካላቸው ሰባት ተማሪዎች ስድስቱ ሲን መርጠዋል» አለችኝ ኦርሊ። «ከሌሎቹ ተማሪዎች አንድም የመረጠ የለም። ከአስተማሪዎቹም የለም። ማለቴ…» አንገቷን ደፋች። «ከአንድ ሰው በቀር።»

ወረቀቱን አወጣችው። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ የተከበበ ሲ። አከባበቤን የት አጣዋለሁ? የኔ ነው። እንዲያውም ስከብበው «ወይኔ ቶም፣ ምስኪን!» ብዬ ከንፈሬን እንደመጠጥኩ ትዝ ይለኛል።

«ሰውዬውማ ሞቷል፣ ኦርሊ» አልኳት።

«የት ነው የተጻፈው?»

«እንዴት የት ነው! ‹ትንሽ አሞታል፣ ና› እያለው?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ተቀምጬ አስረዳኋት። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ላለ ሰው «አባትህ ሞተ» ብሎ የሚደውል ሰው የለም፤ ቢኖር ዕድሜ ልኩን ሲወቀስ ይኖራል። የሚባለው «ትንሽ አሞታል፣ ና» ነው። መርዶውን ሰውየው ከደረሰ በኋላ፣ ዘመድ ከቦት፣ ሽማግሌ ይነግረዋል። ሰሚው ግን ቀድሞ ገብቶታል። የገባውም እንዳልገባው ሆኖ ይመጣል። የእውነት ትንሽ የታመመ ሰው ቢሆን ማን ሥራ አስጥሎ ይጠራሃል? ስትመጣ ታየዋለህ ነው የሚባለው።

የራሴንም ነገርኳት፤ ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። ወታደር ሳለሁ አጎቴ ጦር ሰፈሩ ደወለልኝና «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ» አለኝ። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አውቶቡሱ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል መስኮቱን ተደግፌ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ መሀረብ ሰጡኝ፤ ምን ሆንሽ አላሉኝም። ቤት ስደርስ እምባዬ ግማሹ አልቆ፣ ጉልበቴም የሚጠብቀውን አውቆ ነበር። ያቺ ቃል ባትኖር ኖሮ ያን ቀን በሩ ላይ እሞት ነበር። ለዚህ ነው የምንላት። መንገዱን ታለቅሺበት ዘንድ መንገዱን ትሰጥሻለች።

ኦርሊ ዓይኗ ረጠበ። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ «በጣም ደስ የሚል… ይቅርታ፣ በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው። ጥናቴ ውስጥ አስገባዋለሁ» አለች።

«ነጥቡስ?»

«ነጥቡን መስጠት አልችልም። የምለካው የተጻፈውን መረዳታቸውን ነው። ጽሑፉ ታሟል ነው የሚለው።» ደብተሯን ከደነችና «ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ተመሳሳይ ፈተና አለ። የፈለገ ልጅ ደግሞ መቀመጥ ይችላል» አለች።

እውነቱን ልናገር? መጣላት እችል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛ መደብደብ እችል ነበር፤ አፍ አላጣሁም። ግን አፍሬ ነበር። የአስተማሪዎቹ ውጤት ምስጢር ነው ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን በማግስቱ መምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቆመ። አሥራ ስምንት ዓመት ‹ኢትዮጵያዊቷም ትችላለች› እንዲሉ ስንት ነገር ችዬአለሁ፣ አሁን አንዲት መስመር ማንበብ ያቃታት ልባል? ስለዚህ አጭሩን መንገድ ያዝኩ። ፈተናውን ከማረም ልጅቷን ማረም ይቀላል አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሌላ አትፈልጉ።

በዚያች አንድ ጥያቄ የተንጠለጠለችው ሻኬድ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ወይ ሰማንያውን አልፈዋል ወይ በሩቁ ወድቀዋል። በየእረፍቱ ሳንድዊቿን እየገመጠች ትመጣለች። የመጀመሪያ ቀን ያንኑ ደብዳቤ ፊቷ አስቀመጥኩ።

«አያትየው ምን ሆነ?»

«ሞተ» አለች፣ አፏ ምግብ እንደሞላ።

«የት ተጽፏል? ጣትሽን አስቀምጪበት።»

ጣቷ መስመሩን ይዛ ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች።

«አልተጻፈም። ግን ሃሞራ፣ ይሄማ ይታወቃል እኮ! አያቴ ሳባ የሞተ ጊዜ ለአባ ደውለው ትንሽ አሞታል ነው ያሉት። አባ ያለ ጫማ ሊወጣ ነበር፣ ደረጃው ላይ ሮጬ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«የሚታወቀውን ማን ጠየቀሽ? የተጻፈውን ነው።»

«እሺ፣ ቶም ሄዶ ሞቶ ቢያገኘውስ?»

«ቶም የለም፣ ሻኬድ። ወረቀት ነው።»

«ቢኖርስ?»

አናደደችኝ። ያናደደኝ ልክ መሆኗ ነው። ጠረጴዛውን መታሁና «ትንሽ አሞታል ከተባለ፣ ትንሽ አሞታል ነው! ቢ! አለቀ!» አልኳት። ደነገጠች። ወዲያው ሳቀች፤ ቂም የማታውቅ ልጅ ነበረች። «እሺ በቃ፣ ቢ። ምን ያስጮህሻል?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሠራሁ። ደብዳቤ፣ ማስታወቂያ፣ የስልክ መልእክት እያመጣሁ ከሥሩ ያለውን እንዳታይ አስተማርኳት። በራሷ ሐሳብ ልትመልስ ስትል ጣቷን ይዤ መስመሩ ላይ እመልሳታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እኔን ትታ ራሷን «የት ተጽፏል?» ማለት ጀመረች። ቀልድም አደረገችው። አርፍዳ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ «ሃሞራ፣ ትንሽ ነው ያረፈድኩት። ትንሽ። ቢ» ትላለች፤ ክፍሉ ግራ ገብቶት ያየናል፣ እኛ እንስቃለን። ኩራት ተሰማኝ። ውይ፣ እንዴት እንደኮራሁ!

ማክሰኞ ተፈተነች። ሐሙስ ጠዋት ውጤቱ መጣ። ሰማንያ አራት።

መተላለፊያው ላይ ሰጠኋት። ጮኸች፣ ዘለለች፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ መነጽሬ ወደቀ። ወዲያው ለአባቷ ደወለች። አይነሳም። «ፈረቃ ላይ ነው፣ ስልኩን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል» አለች። «ባይነሳ ይሻላል፣ ቤት ሲገባ ፍሪጁ ላይ ለጥፌ ይጠብቀው። ‹ምን ይላል?› ሲለኝ ‹አንተ አንብበው› እለዋለሁ። ቁጥር ማንበብ አያቅተውም!» ወረቀቱን ለሚያልፍ ለሚያገድመው ታሳያለች።

አሥር ደቂቃ አልሆነም፣ የኔ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ረዳ ናቸው፤ የአምባቸው ታላቅ ወንድም። በሥራ ሰዓት ደውለውልኝ አያውቁም።

«ደህና አደርሽ፣ ሸጋዬ?»

«ደህና፣ ጋሽ ረዳ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆችሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

ከኋላቸው የሆስፒታል ድምፅ ይሰማል፣ ስም ይጠራል።

«አምባቸውን ትንሽ አሞታል» አሉ። «ልጅቱን ይዘሻት ነይ። ወደ ቤት።»

«ትንሽ ነው?» አልኩ። ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ።

«ትንሽ ነው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ግድግዳውን ያዝኩ። ልቡ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት፤ በእረፍት ሰዓት ሻይ ይዞ እንደተቀመጠ። ግን ምን እንደሆነ ለማወቅ ምን ያስፈልገኛል? ሁሉንም ነግረውኛል። ያ ሰደርያ ዓይኔ ላይ መጣ። አደራ ያለኝ አፉ መጣ።

ሻኬድ መተላለፊያው ጫፍ ከሁለት ልጆች ጋር ቆማለች። ሄድኩ። ፊቴን አስተካክዬ፣ እንደ ወጉ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሻኬድዬ፣ ቦርሳሽን ያዢ። አባን ትንሽ አሞታል። እኔ ቤት አደርስሻለሁ» አልኳት።

ገባት። ምዬ ልናገር፣ መጀመሪያ ገብቷት ነበር። ከንፈሯ ነጣ፣ ወረቀቱ ከደረቷ ወረደ፣ ዓይኗ ፊቴ ላይ ተተከለ። ደረጃው ላይ ጫማ ይዛ የሮጠችው ልጅ ነበረች የምታየኝ። ዝም ብል ይበቃ ነበር። ዝም ብል እምባዋ ይመጣ ነበር፣ እኔም መኪና ውስጥ አስገብቼ፣ በረጅሙ መንገድ፣ በካርሜ ጋት በኩል አዙሬ እያስለቀስኩ እወስዳት ነበር።

እሷ ግን ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ጣቷን አነሳች፤ አየር ላይ መስመር እንዳለ ሁሉ ጠቆመች።

«ትንሽ?» አለች። «ሃሞራ፣ ቢ ነው ሲ?»

ልጆቹ ያዩናል። ደወሉ ሊደወል ነው። መርዶ ነጋሪ እኔ አይደለሁም፣ ቦታውም እዚህ አይደለም። ሲ ማለት አልችልም። እና አፌ ሦስት ሳምንት የለመደውን አለ።

«ቢ» አልኳት።

ትንፋሿን ለቀቀች። «አስደነገጥሽኝ እኮ!» ብላ ትከሻዬን መታች። መልኳ ተመለሰ።

መኪና ውስጥ ምላሷ አላረፈም። ስኳሩ ከፍ ብሎበት ነው፣ ዶክተር የነገረውን አይሰማም፣ እሷ ከሌለች ውሃ እንኳ አይጠጣም፤ ዛሬ ግን ውጤቱን ሲያይ ይነሳል። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቅልም። ገበያው አጠገብ ስንደርስ «ቁሚ፣ ቁሚ! ለታመመ ሰው ባዶ እጅ አይኬድም፣ አባ ራሱ ነው ያስተማረኝ» አለች። ቆምኩ። ምን ልበል? መንደሪን ይዛ ተመለሰች፤ እየመረጠች፣ ለስላሳ ለስላሳውን፣ ከነቅጠሉ ያለውን።

ሕንፃው ጋ ስንደርስ ከደጁ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሻኬድ ከመኪናው ወረደች። በአንድ እጇ መንደሪን፣ በሌላው ወረቀት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ሰዉ ንግግሩን አቆመና ለሁለት ተከፈለ፣ መንገድ ለቀቀላት። ያን ጊዜ ከሦስተኛው ፎቅ የአክስቷ ጩኸት መጣ፤ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን እንኳ ሳይከፍቱ።

በቁሟ ወደቀች። እጇን እንኳ ለመውደቅ አላዘጋጀችም። መንደሪኑ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሴቶቹ ሮጠው ሲያነሷት ከመካከላቸው ፊቷን አዙራ እኔን ፈለገች።

«ቢ ብለሽኝ ነበር» አለች። አንዲት ዕብራይስጥ አልቀላቀለችም። ወደ ላይ ይዘዋት ወጡ።

ጋሽ ረዳ አጠገቤ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። የተቆጡ አልነበሩም፤ የእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር።

«ሸጋዬ፣ ትንሽ አሞታል ብለሽ አልነገርሻትም እንዴ?»

«ነግሬአታለሁ፣ ጋሽ ረዳ።»

«ታዲያ ይህቺ ልጅ እንዴት አልገባትም?»

«ገብቷት ነበር» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያረምኳት።»